ጥርስን የሚጠብቅ ሁሉ ትንፋሽን ይጠብቃልን?

በዚህ እትም የጤና አምዳችን ስለ ሁለት የሌሊት ችግሮች እናወጋለን። አንዱ በእንቅልፍ ላይ ጥርስ ማፋጨት ሲሆን ሌላው በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ነው። ሁለቱን ያገናኘልን ደግሞ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ማታ ማታ አፍ ውስጥ የሚደረግ፣ ናይት ጋርድ እየተባለ የሚጠራው የጥርስ መሸፈኛ።

ነገሩን ከአንድ ጎረቤቴ እንጀምር። ስማቸውን ልተወውና ሐጂ እንበላቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሁለት፣ አንገታቸው ወፈር ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአይሱዙ እህል ያመላልሳሉ። ሌሊት ሌሊት ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። ባለቤታቸው “ወፍጮ ቤት ያደርኩ ነው የሚመስለኝ” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ቀልዱ ቀረ። ሐጂ ቆሎ ሲቆረጥሙ መንጋጋ ጥርሳቸው ለሁለት ተሰነጠቀ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ጥርሳቸው ተፍቆ ማለቁን አየ፤ የጥርሳቸውን ልክ ወስዶም ናይት ጋርድ አሠራላቸው። ማፋጨቱ ድምፅ አልባ ሆነ። ቤተሰቡም አልሐምዱሊላህ አለ።

ሆኖም ጠዋት ጠዋት ራስ ምታቱ አልተዋቸውም። አፋቸው ደርቆ ይነቃሉ። ማንኮራፋታቸውም ከበፊቱ የጎላ መሰለ። ሁለት ወር ያህል እንደቆዩ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሪ እንደያዙ ሸለብ አደረጋቸው። ረዳታቸው ጮሆ ባይቀሰቅሳቸው ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መልክ እጽፈው ነበር። እቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ባለቤታቸው ለብቻዬ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ “ድምፁስ ቆመ። ግን ልጄ፣ እኔ አሁን የምፈራው ዝም ሲሉ ነው። ትንፋሻቸው ጥፍት ይላል። ልነቀንቃቸው ስነሣ ደግሞ ከውኃ እንደወጣ ሰው ያጓራሉ።”

ይህን ቃል ከባለቤታቸው በቀር ማንም ሊናገር አይችልም። ሐጂ ተኝተዋል፤ አያውቁትም። የጥርስ ሐኪሙ አልጠየቀም። ለእሱ የመጣለት የተሰነጠቀ ጥርስ ነው፤ እሱም ጥርሱን አከመ። እኔ ሐኪሙን አልወቅስም። ነገር ግን “ሲተኙ ያንኮራፋሉ?” የምትለዋ አንዲት ጥያቄ ብትጠየቅ ኖሮ ሁለት ወር ባልባከነ ነበር።

ናይት ጋርድ ምን ይሠራል?

ናይት ጋርድ የላይኛውን ወይም የታችኛውን ጥርስ የሚሸፍን፣ ብዙውን ጊዜ ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ሽፋን ነው። ሹፌሮች በቀላሉ እንዲገባቸው ከፍሬን ሸራ ጋር ላመሳስለው። ሸራው ይበላል እንጂ ብረቱ እንዳይበላ ነው ሥራው። እንደዚሁ ሁሉ ጋርዱ ይፋቃል፣ ጥርስዎ ይተርፋል። ጥርስ አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ ስለማይበቅል ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ልብ ይበሉ፤ ጋርዱ ማፋጨቱን አያድነውም። የመንጋጋ ጡንቻዎቹ እንደ ድሮአቸው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። የሚለየው ጥርስ ከጥርስ ስለማይገናኝ ድምፁና ጉዳቱ መቅረቱ ነው። ድምፁ በመጥፋቱ ብቻ “ዳንኩ” የሚል ሰው ብዙ ነው።

ትንፋሽ ለምን ይቋረጣል?

ስንተኛ ጡንቻዎቻችን ይላላሉ፤ የምላስና የጉሮሮ ጡንቻም አብሮ ይላላል። የላይኛው ጉሮሮ እንደ ደረት አጥንት የለውም፤ ለስላሳ ቱቦ ነው። በጀርባ ስንተኛ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ቱቦው ይጠባል፣ በጠባቡ የሚያልፈው አየርም ጉሮሮውን ያርገበግበዋል። ማንኮራፋት የምንለው ይህንን ነው። ቱቦው ጭራሽ ሲዘጋ ደግሞ ደረት አየር ለመሳብ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ይህ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለቅጽበት ያባንነዋል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ሰውየውም አጓርቶ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም።

ሐኪሞች የበሽታውን ክብደት የሚለኩት በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም በጣም እንደቀነሰ በመቁጠር ነው። ከ5 እስከ 15 ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ መታነቅ ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ደክሞ የሚነሣ ሰው ምሥጢሩ ይኸው ነው። ጉዳቱ ድካም ብቻ አይደለም። የደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባትና የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት ከዚህ በሽታ ጋር ተያይዘው ይታያሉ። በእኛ መንገዶች ላይ ደግሞ የመኪና አደጋው አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ቤተሰብ ውስጥ የወጣ ግምት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ የዓለም ሰዎች ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ ችግር በቀላሉም ቢሆን አለባቸው። አብዛኞቹ አያውቁትም።

ጥርስ ማፋጨትና የትንፋሽ መቋረጥ በአንድ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች የመንጋጋ ጡንቻ የሚነሣው አንጎል በባነነ ቁጥር ነው ይላሉ። መንጋጋ የሚንቀሳቀሰው የተዘጋውን ጉሮሮ ለመክፈት ሊሆን ይችላል የሚሉም አሉ፤ ይህኛው ግን ገና አልተረጋገጠም። በአንጻሩ ያለ ምንም አፕኒያ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ባለቤትዎ ጥርሳቸውን ባፋጩ ቁጥር አይደንግጡ። ማፋጨትና ማንኮራፋት አብረው ሲመጡ ግን ጉዳዩን ዝም ብለው አይለፉት።

ሞንትሪያል ላይ የታየው

ካናዳ ውስጥ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር ለመመርመር አፕኒያ ያለባቸው 10 ሰዎችን መረጡ። የላይኛ ጥርሳቸው ላይ የሚደረግ መሸፈኛ አሠርተውላቸው፣ አንዳንድ ሌሊት ከመሸፈኛው ጋር፣ አንዳንድ ሌሊት ያለ መሸፈኛው እያስተኙ ትንፋሻቸውን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ባደረጉት ውጤት መሠረት ከ10ሩ በ5ቱ ላይ የትንፋሽ መቋረጡ ቁጥር መሸፈኛውን ባደረጉበት ሌሊት ከ50 በመቶ በላይ ጨምሮ ተገኘ። የሚያንኮራፉበት ጊዜም ረዘመ።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አጥኚዎቹም የሙከራ ጥናት ብለው ነው ያቀረቡት። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንዱ ሰው ይብሳል፣ በአንዳንዱ ምንም ለውጥ አይታይም። ስለዚህ “ናይት ጋርድ አፕኒያ ያመጣል” ብሎ ማስወራት ስሕተት ነው። በርግጠኝነት ማለት የሚቻለው ጋርዱ አፕኒያን የማያክም መሆኑንና አፕኒያ ያለበትን አንዳንድ ሰው ደግሞ ሊያብስበት መቻሉን ነው።

እንዴት ያብሳል? መሸፈኛው ውፍረት ስላለው ሁለቱን መንጋጋዎች ያራርቃል። የታችኛው መንጋጋ ወደ ታች ሲከፈት እንደ በር ማጠፊያ ስለሚዞር ትንሽ ወደ ኋላም ይሄዳል። ምላስ ደግሞ የታሰረው በዚሁ መንጋጋ ላይ ነው፤ መንጋጋው ሲሸሽ አብሮ ይሸሻል፣ ጉሮሮንም ያጣብባል። አፍ ውስጥ የምላስ ቦታ ማነሱም ሊጨመርበት ይችላል።

ከፈለጉ አሁኑኑ ይሞክሩት። በጀርባዎ ይንጋለሉ፣ አገጭዎን ወደ አንገትዎ ይሳቡና እንደሚያንኮራፋ ሰው ድምፅ ለማውጣት ይሞክሩ፤ ቀላል ነው። አሁን ደግሞ የታች ጥርስዎ ከላይኛው እስኪያልፍ ድረስ መንጋጋዎን ወደ ፊት ያውጡና እንደገና ይሞክሩ። እምቢ ይልዎታል። የመጀመሪያ እርዳታ የተማረ ሰው ራሱን የሳተን ሰው መንጋጋ ወደ ፊት የሚገፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

መልካቸው የሚመሳሰል፣ ሥራቸው የሚለያይ

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ለአፕኒያ የሚሠሩት ሌላ መሣሪያ አለ። አፍ ውስጥ ሲያዩት ናይት ጋርድ ይመስላል፤ ሥራው ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። የላይኛውንም የታችኛውንም ጥርስ ይይዛል። ሁለቱ ክፍሎች የተያያዙ ስለሆኑ የታችኛውን መንጋጋ ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት አውጥቶ ይይዘዋል። ሐኪሙ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከለ፣ ማንኮራፋቱና ድካሙ የሚቀንስበትን፣ መንጋጋውም የማይታመምበትን ልክ ይፈልጋል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከጥርስ ሐኪሞች አቻው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ የአየር ማሽኑን መቻል ላቃታቸው ወይም ሌላ አማራጭ ለሚመርጡ አዋቂዎች በልካቸው የሚሠራና የሚስተካከል እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዲታዘዝላቸው ይመክራል። እንከን የለሽ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን ምራቅ ያበዛል፣ መንጋጋ ያሳምማል። በዓመታት ውስጥም ጥርስን በትንሹ ሊያንቀሳቅስና አነካከስን ሊለውጥ ይችላል። ጥርሱ የረገፈ ወይም ድዱ የታመመ ሰውም የሚይዝበት አያገኝም።

የአየር ማሽን ያልኩት ሲፓፕ የሚባለውን ነው። ከእሱ በፊት ለከባድ አፕኒያ የነበረው ዋና መፍትሔ አንገትን በስቶ የመተንፈሻ ቀዳዳ ማበጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫንና ባልደረቦቹ ሲድኒ ከተማ ውስጥ በአፍንጫ በኩል በግፊት የሚገባ አየር ጉሮሮን ከፍቶ እንደሚያሳድር በ5 ሕመምተኞች ላይ አሳዩ። ዛሬም ለመካከለኛና ለከባድ አፕኒያ ቀዳሚው ሕክምና ይኸው ማሽን ነው። የትንፋሽ መቋረጥን በመቀነስ ረገድ ከአፍ መሣሪያው ይበልጣል። ችግሩ ብዙ ሰው ጭንብሉን እኩለ ሌሊት ላይ አውልቆ መጣሉ ነው። በዚያው ሲድኒ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ከመቶ በላይ ሕመምተኞች ሁለቱንም ለአንዳንድ ወር የሞከሩበት ጥናት፣ ማሽኑ በሰዓት ቆጠራው ቢበልጥም የአፍ መሣሪያውን ሰዎች ለረዥም ሰዓት ስለሚያደርጉት በጤና ውጤት ተቀራራቢ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል። የማይደረግ ማሽን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጃንጥላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ከውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንና ዘመዶቻችን ያገለገለ ሲፓፕ ይልካሉ፤ አላህ ይስጣቸው። ነገር ግን የአየሩ ግፊት ለእያንዳንዱ ሰው በሐኪም የሚወሰን ነው። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በውስጣቸው ያለው የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ ሊፈራርስ ይችላል በሚል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን ከአገልግሎት ጠርቷል። የተላከልዎ ማሽን ከእነዚያ አንዱ አለመሆኑን በሞዴሉና በተከታታይ ቁጥሩ ላኪው ያለበት አገር ላይ ያጣራልዎት። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠውን፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው የሚነክሱትን መሸፈኛም ለአፕኒያ ብለው አይግዙት።

ጫት፣ ምግብና ረመዷን

ሹፌሮቻችን እንቅልፍን የሚከላከሉት በምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። አፕኒያ ያለበት ሹፌር ቀን የሚጫጫነውን ድካም በጫት ይሸፍነዋል፤ በሽታውም ሳይታወቅ ዓመታት ይቆያል። ማታ ደግሞ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሣዋል። አነቃቂ ነገሮች ጥርስ ማፋጨትንም ያባብሳሉ። እንቅልፍ እምቢ ሲል የማስተኛ ክኒን የሚውጥ ሰው አለ፤ ይህ የባሰ ነው። እንደ ቫሊየም ያሉ መድኃኒቶች የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላሉ። ሐጂም ቢሆኑ ኮምቦልቻ ላይ ጉንጫቸውን ሞልተው ነበር የሚነሡት፤ ሲጠየቁ “ለመንገዱ ነው” ይላሉ።

ክብደት ሌላው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዊስኮንሲን ጥናት፣ ክብደቱ በ10 በመቶ የጨመረ ሰው የትንፋሽ መቋረጡ ቁጥር በ32 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር፣ 10 በመቶ የቀነሰ ደግሞ ወደ 26 በመቶ እንደሚቀንስለት ገምቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ቲርዜፓታይድ የተባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ ከልክ ያለፈ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች ፈቅዷል። መርፌው ለሁሉ የሚደርስ አይደለም፤ የማታውን እራት መቀነስ ግን ለሁሉም ይደርሳል።

ረመዷን ላይ እንቅልፋችን ለሁለት ይከፈላል፤ ከተራዊሕ በኋላና ከፈጅር በኋላ። ማሽን ወይም መሣሪያ የታዘዘለት ሰው በሁለቱም ጊዜ ማድረግ ይኖርበታል። አንዱን “አጭር ነው” ብሎ መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው። ማሽኑን በጾም ሰዓት ስለመጠቀም ጥያቄ ያለው ዑለማዎችን ይጠይቅ። ሱሑርን ጠግቦ ወዲያው መጋደም የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ እንዲመለስ ያደርጋል፤ ይህም ከጥርስ ማፋጨት ጋር ተያይዞ ይታያል። የረመዷን እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት በራሱ በሽታ አይደለም። ሸዋል አልፎም ኹጥባ በተጀመረ ቁጥር የሚያሸልብ ሰው ግን ጾሙን ከመውቀስ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል።

አተኛኘትን በተመለከተ በቀኝ ጎን መተኛት ሱና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አፕኒያ ያለበትን ሰው ሐኪሞች በጎን እንዲተኛ የሚመክሩት ምላስ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ነው። ለዚህ ለዚህ ቀኝም ይሁን ግራ ከጀርባ ይሻላል። ሌሊት እየተገለበጡ ለሚያስቸግሩ፣ ከካናቴራቸው ጀርባ ኪስ ሰፍቶ የቴኒስ ኳስ መክተት የቆየ ዘዴ ነው።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

ለናይት ጋርድ የሚሄዱ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት አብሮዎት የሚተኛውን ሰው ይጠይቁ። በቶሮንቶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘጋጅቶ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የስምንት ጥያቄ መለኪያ አለ። ድምፅዎ በር ዘግተውም እስኪሰማ ያንኮራፋሉ? ቀን ቀን ይደክምዎታል? ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብዎት? በጣም ወፍራም ነዎት? ዕድሜዎ ከ50 በላይ ነው? የአንገትዎ ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል? ወንድ ነዎት? ሦስትና ከዚያ በላይ “አዎ” ካሉ መመርመር ይገባዎታል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋው ከፍ ያለ ነው። አንገት ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሐጂን የለካኋቸው እኔው ነኝ፤ ስምንቱን ጥያቄ ጨርሰን ስድስት “አዎ” ቆጠርን።

ይህንን ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ። ጋርዱ ቢቆይ ምንም አይደለም፤ አስቀድመው የአንገት በላይ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዩና የእንቅልፍ ምርመራ ይጠይቁ። ምርመራው በየከተማው አይገኝም። ጣትና ደረት ላይ ታስሮ ቤት ውስጥ የሚያድር አነስተኛ መሣሪያ ያላቸው ሕክምና ቤቶች ስላሉ እሱንም ይጠይቁ። ጋርድ ቀድሞ ያለዎትና ማንኮራፋትዎ የባሰ ከሆነ፣ ራስ ምታትና ድካም ካልተለዩዎ፣ ጋርዱን ይዘው ይመለሱ። ልጆችን በሚመለከት፣ የሚያፋጭና የሚያንኮራፋ ሕፃን ብዙ ጊዜ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ዕጢ ያበጠ ስለሚሆን ናይት ጋርድ ከማሰብ በፊት ይህ ይታይለት።

ጋርድም ሆነ የአፍ መሣሪያ ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ሙቅ ውኃ ቅርጹን ያበላሻል። መፋቂያ ለጥርስ መልካም ነው፤ ለፕላስቲኩ ግን አይሆንም።

ሐጂ ተመረመሩ። ከባድ ከሚባለው ምድብ ሆነው ተገኙ። ማሽኑን ጅዳ ያለች ልጃቸው አዲስ ገዝታ ላከች፤ ግፊቱን ሐኪም ለካላቸው። ሁለት ሳምንት ያህል ጭንብሉን እየተጣሉት ተጠቀሙ፤ ከዚያ ለመዱት። ናይት ጋርዱም አልተጣለም፤ ማፋጨቱ ስላልጠፋ ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ከማሽኑ ጋር እንዲያደርጉት ፈቅደውላቸዋል። እስኪሻላቸው ድረስ አይሱዙውን የነዳው ረዳታቸው ነበር። አሁን ራሳቸው ይነዳሉ፤ በቀን ብቻ። ባለቤታቸውን ሰሞኑን እንዴት እንደሆኑ ብጠይቃቸው “ዝም ብለው ያድራሉ” አሉኝ። “መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው አስፈርቶኝ እጄን ደረታቸው ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው።”